ስብሰባው በር ላይ ደርሼ ተመለስኩ፤ የመጠጥ ነገር ነው፣ የሚያውቅ ይምራኝ

የሌሊት_ሹፌር (ሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ስጽፍ ሦስተኛዬ ነው። ሁለቱን ጽፌ አጠፋኋቸው።

ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። 41 ዓመቴ ነው። ባለትዳር ነኝ፣ ሁለት ልጆች አሉኝ። ሌሊት ታክሲ እሠራለሁ። ሥራ ላይ አልጠጣም። ጠዋት መኪናዬን ካቆምኩ በኋላ ግን ቤት ሳልገባ እዚያው መኪና ውስጥ እጠጣለሁ። ድሮ ሁለት ቢራ ነበር። አሁን ቮድካ ሆኗል፣ አይሸትም ብዬ። ይሸታል። ባለቤቴ ታውቃለች።

ሱሰኛ ነኝ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ዐቢይ ጾምን 55ቱንም ቀን አልጠጣም። ሱሰኛ ሰው እንዴት 55 ቀን ይችላል? እል ነበር። ዘንድሮ ግን ራሴን ታዘብኩት። ከሆሳዕና ጀምሮ ሳስብ የነበረው ጾሙ ሲፈታ ስለምጠጣው ነው። ሌሊት ከቅዳሴ ተመልሰን ልጆቹ ዶሮውን ሲበሉ እኔ ጋራዥ ውስጥ ነበርኩ። ትንሿ ልጄ "አባዬ፣ ናና እንቁላል ምረጥ" እያለች ስትጠራኝ ሰምቻለሁ። አልወጣሁም።

ባለፈው ማክሰኞ ቆርጬ የኤኤ (አልኮሆሊክስ አኖኒመስ፣ መጠጥ ለማቆም እርስ በርስ የሚረዳዱ ሰዎች ማኅበር) ስብሰባ አድራሻ ፈልጌ ሄድኩ። የአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ነው። መኪና ውስጥ ሆኜ በሩን ሳይ አንድ የኛ ሰው ገባ። ሐበሻ ነው፣ አልተሳሳትኩም። ዞር ብሎ ያየኝም መሰለኝ። 40 ደቂቃ ተቀምጬ ተመለስኩ። ስመለስ ገዛሁ።

የኛ ሰው የማይደርስበትን እንዴት አገኛለሁ? በአማርኛ የሚካሄድስ አለ ወይ? ውስጥ ምን ይደረጋል? ተናገር ብለው ያስገድዱኛል? እንግሊዝኛዬ ለሥራ ይበቃኛል። የሆዴን ለማውጣት ግን አይበቃም።


የሳር_ቤት_ልጅ (ቨርጂኒያ)

ወንድሜ እንኳን ጻፍክ። ካቆምኩ ስድስት ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። አንተ 40 ደቂቃ ተቀምጬ ተመለስኩ አልክ። እኔ ሦስት ሳምንት ሙሉ እየሄድኩ ተመልሻለሁ።

ያ ያየኸው ልጅ ለምን የገባ ይመስልሃል? አንተን እዚያ ያደረሰህ ነገር ነው እሱንም ያደረሰው። ወጥቶ ስላንተ ቢያወራ ስለራሱም ማውራቱ ነው። ደግሞም ደንቡ ነው፤ እዚያ ያየኸውን ሰው፣ እዚያ የሰማኸውን ነገር እዚያው ትተህ ትወጣለህ። እኔ በስድስት ዓመት ውስጥ የማውቃቸው ሁለት ሐበሾች ገጥመውኛል። አንዱ የሚዜዬ ወንድም ነው። ሰርግ ላይ ስንገናኝ እንደ ማንኛውም ሰው ሰላም እንባባላለን።

ፍርሃትህ ግን ይገባኛል። ይሉኝታ ቀላል ነገር አይደለም። መጀመሪያ ላይ እኔም የኛ ሰው ከሚበዛበት ርቄ ግማሽ ሰዓት እየነዳሁ ነበር የምሄደው። አንተም እንደሱ አድርግ። እግርህ ሲለምድ ወደ ቅርቡ ትመጣለህ።

ለመፈለግ ስልክህ ላይ "ሚቲንግ ጋይድ" የሚባለውን መተግበሪያ አውርድ። የኤኤ የራሱ ነው፣ ነጻ ነው። ያለህበትን አይቶ ቅርብ ያለውን ስብሰባ ከነቀኑና ከነሰዓቱ ያወጣልሃል። "ክፍት" የሚለው ማንም የሚገባበት ነው፣ ሚስትህም አብራህ መግባት ትችላለች። "ዝግ" የሚለው መጠጥ ማቆም ለሚፈልግ ሰው ነው። አንተ ሁለቱም ይሆኑሃል። ትልልቅ ከተሞች ደግሞ "ኢንተርግሩፕ" የሚባል ቢሮ አላቸው። ብትደውል ብዙ ጊዜ ስልኩን የሚያነሳው ራሱ ጠጥቶ ያቆመ ሰው ነው። "ብቻዬን መግባት ፈራሁ" በላቸው። በር ላይ የሚጠብቅህ ሰው ሊፈልጉልህ ይችላሉ።

አንተ የሌሊት ሠራተኛ ስለሆንክ የጠዋቱን ፈልግ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ወይም 1 ሰዓት ላይ የሚጀምሩ አሉ። መኪናህን አቁመህ ጠርሙሱን የምትከፍትበት ሰዓት ማለት ነው። እሱን ሰዓት ቦታ አስይዘው።

ውስጥ የሚሆነውን ልንገርህ። ወንበር ተደርድሯል፣ ቡና አለ። አንድ ሰው ይመራል፣ አጭር ነገር ይነበባል። ከዚያ ሰው በየተራ ስለራሱ ይናገራል። አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም፣ አይመክርም፣ አያርምም። እኔ በጣም የገረመኝ ይሄ ነበር። ቤተሰብ መሐል አንድ ነገር ስትናገር አሥር ሰው ይመክርሃል። እዚያ ተናግረህ ስትጨርስ "እናመሰግናለን" ብለው ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። ተራህ ሲደርስ "ዛሬ ላዳምጥ ነው የመጣሁት" ካልክ በቃ። የአባት ስም የሚጠይቅ የለም። መታወቂያ የለም፣ ምዝገባ የለም። ሙዳይ የሚመስል ቅርጫት ይዞራል፣ ሰው አንድ ሁለት ዶላር ይጥላል። አዲስ ሰው ምንም አይጠበቅበትም። አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ሲያልቅ ስልክ የሚሰጥህ ሰው ይኖራል። ተቀበለው። እኔ ወረቀቱን ኪሴ ከትቼ አሥር ቀን ሳልደውል ቆይቻለሁ። ስደውል ያነሳው ሰውዬ ዛሬም ስፖንሰሬ ነው፤ ማለት ቀድሞ ያቆመና መንገዱን የሚያሳየኝ።

በአማርኛ በአካል የሚካሄድ እኔ ገብቼበት አላውቅም። የእንግሊዝኛውን ግን አትፍራው። እኔ የመጀመሪያ ቀን የተናገርኩት "ደክሞኛል" የሚለውን ብቻ ነው። በደንብ ገባቸው።


ነርስ_ነኝ (ሚኒሶታ)

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ ወንድሜ። ሳትጠጣ ስትውል እጅህ ይንቀጠቀጣል? ያልብሃል? ልብህ ይመታል?

አዎ ከሆነ በራስህ ጊዜ ድንገት እንዳታቆም። ይህን የምለው ላስፈራራህ አይደለም። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥ ሊያንዘፈዝፈውና ራሱን ሊስት ይችላል። በሁለተኛው፣ በሦስተኛው፣ በአራተኛው ቀን ደግሞ መቃዠት፣ የሌለ ነገር ማየት ሊመጣ ይችላል። ሰው የሚሞትበት ነገር ነው። በየዓመቱ በጾም ምንም ሳልሆን አቁሜያለሁ ትል ይሆናል። ማቆምና መጀመር በተደጋገመ ቁጥር ግን ሰውነት እየከፋበት ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ሐኪም ጋ ሂድና የምትጠጣውን መጠን ሳትቀንስ ንገረው። የኛ ሰው ሐኪም ሲጠይቀው "አልፎ አልፎ" ነው የሚለው። በየቀኑ የምሰማው መልስ ነው። አንተ እውነቱን ተናገር። ለጥቂት ቀን መንቀጥቀጡን የሚያበርድ መድኃኒት አለ፣ ቫይታሚን ቢ1 ይሰጣል፣ አምሮቱን የሚቀንስ ናልትሬክሶን የሚባል ኪኒንም አለ። መቃዠት ወይም መንዘፍዘፍ ከጀመረህ ባለቤትህ ወደ ድንገተኛ አደጋ ስልክ፣ 911 ትደውል።

መድኃኒቱና ስብሰባው አይጣሉም። እ.ኤ.አ. በ2020፣ 27 ጥናቶችንና ከ10,000 በላይ ሰዎችን ያካተተ ትልቅ ግምገማ ወጥቶ ነበር። ወደ ኤኤ በሚመራ ሕክምና ያለፉ ሰዎች ጨርሶ ሳይጠጡ በመቆየት ከሌሎቹ ሕክምናዎች የተሻለ ውጤት አሳይተዋል። እኔ ራሴ በፊት "ወሬ ነው" እል ነበር። አሁን በሽተኞቼን ከመሸኘቴ በፊት ስብሰባው የት እንደሆነ አብሬያቸው እፈልጋለሁ።

ሌሊት ከከበደህና የሚያናግርህ ሰው ካጣህ፣ አሜሪካ ውስጥ 988 ደውል። 24 ሰዓት ይሠራል።


ዘጎንደር (አትላንታ)

ይቅርታ ግን ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው። የኛ መፍትሔ ጸበል ነው። ሰባት ቀን ገብተህ ተጠመቅ፣ ለንስሐ አባትህ ተናገር። ኃጢአትን ለማያውቁህ ሰዎች መዘርገፍ ምን ይሠራል?


ጋሼ_ሽበት (ሎስ አንጀለስ)

ልጄ ዘጎንደር፣ ጸበሉን አልነካብህም። እኔም ተጠምቄያለሁ። እንጦጦ ማርያም ሁለት ሳምንት ተቀምጬ ንጹሕ ሆኜ ነው የወጣሁት። ሽሮ ሜዳ ስደርስ ግን የሚጠብቁኝ የጥንቶቹ ጓደኞቼ ነበሩ። ጸበሉ አልጎደለውም። የጎደለኝ ከጸበል ስወጣ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ አብሮኝ የሚሄድ ሰው ነው። ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው "ልጄ፣ ሳትጠጣ የምትውልበት ቦታ ከሆነ ሂድ" ነው ያሉኝ። ዛሬ 23 ዓመት ሆኖኛል። ቅዳሴም አልቀረሁ፣ ስብሰባም አልቀረሁ።

እዚያ ያሉት እግዚአብሔርን "እንደተረዳነው" ነው የሚሉት። አንተ በተረዳኸው ትጸልያለህ፣ አጠገብህ ያለው በገባው ይጸልያል። የማያምንም ይቀመጣል። ሃይማኖት ለውጥ የሚልህ የለም።

አጀማመሩን ልንገራችሁ፣ ለዚህ ልጅ ይጠቅመዋልና። እ.ኤ.አ. በሜይ 1935 ነው። አባቶቻችን ጣልያንን ሊገጥሙ ወራት ሲቀራቸው። ቢል የሚባል የኒውዮርክ የአክሲዮን ሰው ለሥራ ኦሃዮ፣ አክሮን ከተማ ሄደ። መጠጥ ካቆመ አምስት ወሩ ነው። የሄደበት ሥራ ከሸፈበት። ሆቴሉ አዳራሽ ውስጥ ብቻውን ቆሟል። በአንድ በኩል ቡና ቤቱ ይንጫጫል። በሌላ በኩል ስልክ አለ፣ የአብያተ ክርስቲያናት ስም ዝርዝርም አለ። ወደ ስልኩ ሄደ። "እንደኔ የሚቸገር ጠጪ አገናኙኝ" አለ። በሰው በሰው ቦብ የሚባል የቀዶ ሕክምና ሐኪም ጋ ደረሰ። ሐኪሙ "15 ደቂቃ ብቻ" ብሎ ነው የመጣው። ከስድስት ሰዓት በላይ ተቀመጡ። የተቀመጠውም ቢል ስላልመከረው ነው። የራሱን ታሪክ ብቻ ነገረው።

ያ ነው ስብሰባው። ከዚያ የተጨመረው ወንበር ነው።

ሌላም ልጨምር። በደንባቸው ውስጥ ለመጠጥ ማቆም ብለው የተሰበሰቡ ሁለት ወይም ሦስት ጠጪዎች ቡድን ነን ማለት ይችላሉ የሚል አለ። ይህን ሳነብ የማቴዎስ ወንጌል ትዝ አለኝ። አማርኛ ለምትፈልጉ ይህን ያዙልኝ።


እንጆሪ (ዳላስ)

ሁሉም ወንድ ነው የሚጽፈው፣ እኔም ልበል። ሴት ነኝ። ሴት ጠጪ ስትሆን ሐበሻ ቤት ውስጥ ስም የላትም። ወንድ ሲጠጣ "ትንሽ ያበዛል" ይባላል። እኔ ለአራት ዓመት ወይን በቡና ስኒ ነበር የምጠጣው። የማኅበር ተራዬ ሲደርስ ጠላውን ራሴ ጠምቄ፣ እንግዶቹ ከመምጣታቸው በፊት ሰክሬ ተገኘሁ። ባለቤቴ "ታማለች" አላቸው።

እኔን ያተረፈኝ የሴቶች ብቻ ስብሰባ ነው። መተግበሪያው ላይ ሴቶች የሚለውን መርጣችሁ ታገኙታላችሁ። መጀመሪያ የገባሁበት ድብልቅ ነበር፣ አልተመቸኝም፣ ሁለተኛ አልሄድም አልኩ። አንዲት አሮጊት ጥቁር አሜሪካዊት ተከትላኝ ወጣችና "ልጄ፣ አንዱ ካልሆነሽ ሌላ ሞክሪ፣ ስድስት ቦታ ሳትሄጂ አትፍረጂ" አለችኝ። አራተኛው ሆነልኝ። እናንተም አንድ ቀን ሄዳችሁ "አይረባም" እንዳትሉ። እያንዳንዱ ቤት ጠባዩ ሌላ ነው።


ጓዳ_ያለሁት (ሲያትል)

የጠጪ ሚስት ነኝ። ይህን ውይይት እያለቀስኩ ነው ያነበብኩት። ባለቤቴ ገና አልተነሳም። ለኔ ዓይነቱ ምን አለ?


እንጆሪ (ዳላስ)

አለ የኔ እህት። አል-አኖን ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ ያለ ነው፤ ከጀመሩት አንዷ ከላይ ጋሼ የነገሩን የቢል ሚስት ናት። ባልሽ ቢያቆምም ባያቆምም አንቺ መሄድ ትችያለሽ። እንዴት ላስቁመው የሚለውን ሳይሆን እንዴት ልኑር የሚለውን ነው የሚያወሩት። ለአለቃው ደውለሽ "አሞታል" ማለት ሰልችቶሽ እንደሆነ እዚያ ይገባቸዋል።


የሌሊት_ሹፌር (ሜሪላንድ)

ገባሁ።

ሐኪም ጋ ቀደም ብዬ ሄጄ ነበር፣ ነርሷ እህቴ እግዜር ይስጥሽ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ደብቄ ነው ያልጻፍኩት። መድኃኒት ሰጡኝ፣ ባለቤቴ አምስት ቀን እቤት አስቀምጣ ጠበቀችኝ።

ስድስተኛው ቀን የጠዋቱን ስብሰባ ሄድኩ፣ ከ1 ሰዓቱ። በር ላይ አንድ ግዙፍ ሰውዬ ቆሞ እጄን ጨበጠኝ። ስሜን ስነግረው ለመጥራት ሦስቴ ሞከረ፣ በመጨረሻ በትክክል አወጣው። የኋላ ወንበር ያዝኩ። አንድ የቧንቧ ሠራተኛ ተናገረ። ቮድካውን ከመኪናው መለዋወጫ ጎማ ሥር እንደሚደብቅ ሲናገር ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። እኔም እዚያው ነው የምደብቀው። ይህን በሕይወቴ ለማንም ተናግሬ አላውቅም፣ እሱ ግን ለ20 ሰው ፊት ለፊት ተናገረው፣ ሰዎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ።

ተራዬ ሲደርስ ላዳምጥ ነው የመጣሁት አልኩ። ሲያልቅ ገና ለሚጀምር ሰው የሚሰጡትን ቺፕ፣ ሳንቲም የሚመስል ማስታወሻ፣ ሰጡኝ። አሁን መሪው አጠገብ፣ ሳንቲም የማስቀምጥበት ቦታ ላይ ነው ያለው።


የሳር_ቤት_ልጅ (ቨርጂኒያ)

ስንቴ አነበብኩት መሰለህ። ነገም ሂድ። ብዙ ሰው በመጀመሪያዎቹ 90 ቀናት 90 ስብሰባ ይላል። ብዙ ይመስላል፣ ግን የምትጠጣው በየቀኑ ከነበረ የምትሄደውም በየቀኑ ቢሆን ምን ይገርማል።


ከፒያሳ (አዲስ አበባ)

እናንተ እዚያ በየሰፈሩ አለላችሁ። እኛ ጋ እንደዚያ አይደለም። እዚህ ከሥራ መልስ አንድ ድራፍት እንቢ ማለት ራሱ ጓደኛ ማጣት ነው። "በሞቴ፣ አንዲት ብቻ" ይሉሃል። ማስታወቂያው እንኳ ከቴሌቪዥን የወጣው በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ነው፣ ግሮሰሪው ግን በየደጁ ነው።

እኔ ወንድሜ ይዞኝ አማኑኤል ሆስፒታል ሄድኩ። ሰው የሚፈራው ስሙን ነው። አማኑኤል ገባ ከተባልክ አበደ ይባላል። እኔ የገባሁት ልታከም ነው፣ ታክሜም ወጣሁ። ከዚያ በኋላ የያዘኝ በስልክ ዙም ላይ የምገባበት የእንግሊዝኛ ስብሰባ ነው። የኦንላይን ስብሰባ በየትኛውም ሰዓት አለ፣ ካሜራ ማጥፋት ይቻላል። ጋሼ ያሉትን ሁለት ወይም ሦስት ሳነብ ሕክምና ላይ የተዋወቅኳቸውን ሁለት ልጆች አሰብኩ። ቅዳሜ ቤቴ ቡና ጠራኋቸው። በየተራ ተናገርን፣ ማንም ማንንም አላቋረጠም። ሦስተኛ ቅዳሜያችን ነው።

ለ"በሞቴ" ያገኘሁት መላ አንድ ነው። ሰርግም ሆነ ክርስትና ስገባ አምቦ ውሃ ቀድሜ ብርጭቆዬ ላይ ቀድቼ እይዛለሁ። እጁ ባዶ የሆነን ሰው ነው የሚጋብዙት።


ከሪያድ

ሙስሊም ነኝ። እኔ ያለሁበት አገር መጠጥ በሕግ ክልክል ነው፣ በሃይማኖቴም ሐራም ነው። ስለዚህ እርዳታ መጠየቅ ራሱ አስፈሪ ነው። ከፒያሳ የጻፍከው ወንድሜ፣ ያንን የቅዳሜ ቡና በስልክ ብታደርጉት አንድ ሰው ይጨመር ነበር።


ከፒያሳ (አዲስ አበባ)

ተጨመርክ ወንድሜ። ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት። የስልክህን ካሜራ አጥፋ፣ ስም የፈለግከውን ስጥ። በግል መልእክት መግቢያውን እልክልሃለሁ። ሌላም የሚፈልግ ይጻፍልኝ።


የሌሊት_ሹፌር (ሜሪላንድ)

በ31ኛው ቀን ጠጣሁ። ለቅሶ ነበር። ተዝካሩ ላይ አንድ አረቄ አለፍኩ፣ ሁለተኛውን አለፍኩ፣ ሦስተኛውን የሟች አጎት በገዛ እጃቸው አቀበሉኝ። ከዚያ ቤት ስወጣ አቆምኩ ብዬ ነበር፣ ግን ሁለት ቀን ቀጠልኩበት። ለናንተ መጻፍ አፈርኩ። ለሦስት ቀን ይህን ገጽ አልከፈትኩም።


ጋሼ_ሽበት (ሎስ አንጀለስ)

ልጄ፣ ያ ሐኪም ትዝ ይልሃል? ከስድስት ሰዓቱ ወሬ በኋላ ለሕክምና ጉባኤ ሌላ ከተማ ሄዶ አገረሸበት። እየሰከረ ነው የተመለሰው። መጨረሻ የጠጣው ጁን 10 ቀን 1935 ነው፣ ኤኤ ልደቱን የሚቆጥረው ከዚያች ቀን ነው። ሐፍረትህን ይዘህ ነገ ጠዋት እዚያው ወንበር ላይ ተቀመጥ። ለስፖንሰርህ አሁኑኑ ደውል፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ለቅሶ ቤት ከመግባትህ በፊት ደውል።


የሌሊት_ሹፌር (ሜሪላንድ)

ሄድኩ። እጄን አወጣሁ። "31 ቀን ነበረኝ፣ ዛሬ አንድ ቀን ነው" አልኩ። እንግሊዝኛዬ በቃኝ። የቧንቧ ሠራተኛው ቺፑን አምጥቶ ሰጠኝ፣ ምንም አላለኝም፣ አጠገቤ ተቀመጠ።

ያንን ሐበሻም አገኘሁት። በር ላይ የሸሸሁትን። ማክሰኞ ማታ ነው የሚመጣው። ያን ቀን መኪናዬን አይቶ የኛ ሰው መሆኔን አውቆ ለሁለት ሳምንት ያንን ስብሰባ ሸሽቶ ነበር።


አዲስ_ገቢ (ዴንቨር)

ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። ዛሬም ጠጥቻለሁ። የት እንደምጀምር አላውቅም።


የሌሊት_ሹፌር (ሜሪላንድ)

ወንድሜ፣ ነርሷ የጻፈችውን መጀመሪያ ተመልሰህ አንብብ። እጅህ ይንቀጠቀጣል? እሱን ንገረኝ። ከዚያ መተግበሪያውን አውርድና ነገ ጠዋት ቅርብህ ያለው ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነ ጻፍልኝ። ዛሬ ሥራ የለኝም፣ እዚሁ ነኝ።